የሰናይትን ዕድሜ ያስተካከልኩ ጊዜ

ወረቀት ላይ ስህተት ካየሁ ምግብ አይበላልኝም። ባለቤቴ ብዙነሽ በሽታ ነው ትላለች፤ እኔ ሙያ ነው እላለሁ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነኝ፤ ማለትም ወደ አገራችን የሚሄደው ዕቃ ከመርከብ ወርዶ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ወረቀቱን የማስጨርስ ሰው ነኝ። የኮንቴነር ቁጥር ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ዕቃው ፀሐይ ላይ ሲቀቀል ይከርማል። የጅቡቲን ፀሐይ የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት ደግሞ ምንም አልቀረባችሁም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የሌላ ሰው መታወቂያ እጁ ሲገባ ዝም ብሎ ይመልሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

መታወቂያው የሰናይት ነበር። ሰናይት እኛ ዘንድ የምትኖር ልጅ ናት። እናቷ ዘነበች ኤሮን በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ አንዲት የውጭ አገር ሴት ቤት ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራለች፤ የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ልጅ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ ልጅቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ ባልባላ በሚባለው የድሃ ሰፈር፣ ዋራበሌ መንደር፣ እኛ ቤት አደገች። እናትና ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ፤ እሱንም ቀን ቢሆን ግማሹን ሚኒባስ ይበላዋል።

የሰናይት እጅ ለፀጉር የተፈጠረ ነው። መጀመሪያ ደጃችን ላይ ዱካ አውጥታ፣ ዓርብ ለዕረፍት የሚወጡትን የእኛን አገር የቤት ሠራተኞች ሹሩባ ትሠራ ነበር። ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች መጡ፤ ከዚያ የሙሽራ ሚዜዎች መጡ፤ በመጨረሻ እኔ ወደ ገዛ ቤቴ የምገባው «ይቅርታ፣ ልለፍ» እያልኩ ሆነ። ብዙነሽ «ወይ ፀጉር ቤቱ ይውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ» ስትል ሰናይት መንገድ ዳር በኮምፔንሳቶ የተሠራች አንዲት ክፍል ተከራየች። ንግድ ፈቃድ አውጪ ሲሏትም ማንንም ሳታስቸግር ማዘጋጃ ቤት ሄዳ አወጣች። ጠዋት ትማራለች፣ ከሰዓት ትሠራለች። ሐሳቧ አንድ ነው፤ «እማን ከሰው ቤት አወጣታለሁ» ነው። ይህን ስትል እንደ ሌሎች ልጆች «ሳድግ» አትልም፤ «ለፋሲካ» ነው የምትለው።

እኔ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ንግድ ፈቃድ ተሰጣት ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ወረቀት አዋቂው!

የመኖሪያ ካርዷ ጊዜው ሲያልፍ «አምጪው፣ እኔ አሳድስልሻለሁ» ብዬ ተቀበልኳት። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ገለጥ ባደርገው ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዘነበች ልጇን ይዛ ስትመጣ የትውልድ ዘመኗን በእኛ አቆጣጠር ተናግራለች፤ የዚህ አገር ጸሐፊ ደግሞ ቁጥሩን እንዳለ የፈረንጅ አድርጎ ጽፎታል። ይህን ስህተት ከእኛ በቀር የሚሠራው ሰው የለም። በዚህ ከተማ ታላቅ ወንድሙን በዕድሜ የሚበልጥ ታናሽ አውቃለሁ። ጉልበቱ ሳይደክም፣ አንድ ሽበት ሳያወጣ፣ ጡረታህ ደርሷል የተባለ ሾፌርም አውቃለሁ። ሁሉም እንደ ምንም ተቀብለውት ይኖራሉ። እኔ አልቻልኩም።

ኤምባሲ ሄድኩ፣ ደብዳቤ አጻፍኩ፣ አስተረጎምኩ፣ ማኅተም አስደረግሁ። የካርድ ቢሮው ሰውዬ ራሱ «ልጅቷ ተቸግራለች እንዴ?» ብሎኝ ነበር። «አልተቸገረችም፤ ግን እውነት አይደለም» አልኩት። ሰውዬው እንደ ሞኝ አየኝና ወረቀቱን ተቀበለኝ። ያኔ በአስተያየቱ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ሳስበው ሰውዬው ትክክል ነው።

አዲሱ ካርድ የወጣ ቀን በደስታ ቤት ገባሁ።

«ሰናይት! ስምንት ዓመት ቀነስኩልሽ!»

«እኔንስ ምነው ረሳኸኝ?» አለች ብዙነሽ ከጓዳ።

ሰናይት ካርዱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ሱቄስ?»

«ሱቅሽ ምን ሆነ?»

«ንግድ ፈቃዱ የተሰጠው ለዚያችኛዋ ነው።»

ያን ጊዜ ያላበኝ በጅቡቲ ሙቀት ብቻ አልነበረም።

«ማንም አያየውም፤ ዝም በይ» ብዬ አጽናናኋት። እውነት ለማለት ደግሞ ማንም ላያየው ይችል ነበር። ግን ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። አንድ ሐሙስ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ ሱቁ ገብቶ ካርዷን ጠየቃት። ሰናይት ሌላ ካርድ የላትም፤ አሮጌውን እኔው ራሴ አስረክቤዋለሁ። ሰውዬው ካርዱን አየ፣ ፈቃዱን አየ፣ ልጅቷን አየ። ብዙነሽ ልካብኝ እየሮጥኩ ስደርስ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዞ ነበር።

«ባለ ሃያ አራት ዓመቷ የት ሄደች?» አለኝ።

«ይቺው ናት።»

«ይቺ አሥራ ስድስት ናት። ፈቃድ ያወጣችው ሴትዮ የታለች?»

ሰውዬው ሁለት ሰናይት አሉ ብሎ አምኗል። ታላቂቱን በጀልባ ወደ የመን ልኬ ታናሺቱን ወንበሯ ላይ ያስቀመጥኩ ደላላ አድርጎ ሳያየኝ አልቀረም። እኔም በፈረንሳይኛ ስለ ባሕረ ሐሳብ ላስረዳው ተነሳሁ። አዲስ ዓመታችን በመስከረም እንደሚገባ፣ አሥራ ሦስት ወር እንዳለን፣ ዘመን ስንቆጥር ከዓለም ወደ ኋላ እንደምንቀር ነገርኩት። አሥራ ሦስተኛው ወር ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው የንግድ ፈቃድ መያዝ አይችልም። ሕጋዊ አሳዳጊዋ እስኪቀርብ ሱቁ ይዘጋል።»

ይዘጋል ማለቱስ ባልከፋ፤ ወንበሩ ላይ ፋጡማ ተቀምጣለች። ፋጡማ የሰፈራችን ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ማታ የእህቷ ሠርግ ነው፤ የጭንቅላቷ ቀኝ ጎን በደንብ ተሠርቶ ያለቀ፣ ግራ ጎኑ ደግሞ ገና ተበጥሮ የቆመ ነው። ተነሥታ ሰውዬው ፊት ቆመች።

«ግማሽ ጭንቅላቴን ይዤ ሠርግ ልግባ?» አለችው በሶማሊኛ እየጮኸች፤ ሰናይት ሹክ እያለች ተረጎመችልኝ።

«ሕጉ ስለ ጭንቅላት የሚለው የለም» አለ ሰውዬው፤ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈና ሄደ። የፋጡማ ግራ ጎን እኛ ሳሎን ውስጥ አለቀ። የሚቀጠለውን ፀጉር እየለየሁ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ባቀበልኩ ቁጥር ፋጡማ የማልሰማውን የሶማሊኛ ስድብ ትሰድበኛለች፤ ሰናይት ደግሞ ሳትተረጉምልኝ ትስቃለች። የዚያን ቀን የሳቀችው እሱን ብቻ ነው። ማታ መኝታዋን ከእኛ ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ምነው እጄን በሰበረው አልኩ።

ወገኖቼ፣ ጥፋትን ለማረም መሮጥ ጥሩ ነው፤ ወዴት እንደሚሮጥ ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። እኔ በማግስቱ ሮጬ ልሄድ ስል ዓርብ ሆነብኝ፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ሥራ እንደተከፈተ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ «ፈቃዱን በእኔ ስም አድርጉት» አልኩ። ፀጉር አስተካካይ ሆኜ ልመዘገብ ነው፤ ራሴ ላይ ደግሞ፣ ከጆሮዬ በላይ ካለችው ትንሽ ነገር በቀር፣ የሙያው ማስረጃ የሚሆን ምንም የለም። ጸሐፊዋ ቀና ብላ መላጣዬን አየችው፤ እንደ ጨዋ ግን ወደ መዝገቧ ተመለሰች።

«አባቷ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«አጎቷ?»

«እንደ አጎት ነኝ።»

«‘እንደ’ የሚባል ዝምድና የለንም» አለች።

የእኛን ዝምድና ላስረዳት ሞከርኩ። የዘነበች እናትና የእኔ አክስት አንድ ማኅበር ይጠጡ ነበር፤ ዘነበች ብዙነሽን በክርስትና አበልጅ አድርጋታለች፤ ስለዚህ ልጅቷ ልጃችን ናት። ይህ ደሴ ላይ ለማንም ሰው ከበቂ በላይ ነው። ጅቡቲ ላይ ግን ጸሐፊዋ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችና «ቀጣይ!» አለች።

ፍርድ ቤቱ ደጅ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሮብሌ የሚባል ሰው አለ። ድሬዳዋ የተወለደ ሶማሌ ስለሆነ አማርኛው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ አስተርጓሚም ሆኖ ችሎት ይገባል። ሰናይትን ይዤ ሄድኩ።

«አቦ፣ ምን ሆናችሁ ነው እንደዚህ የጠቆራችሁት?» አለን። ነገሩን ስነግረው እስክርቢቶውን አስቀምጦ ሳቀ። «ማለት አንተ ደህና የነበረችውን ልጅ ወስደህ ሕፃን አደረግሃት?»

«ሳቁን ተወውና ምን ይሻላል በለኝ።»

«ስማ። ልጅ ብቻዋን ፈቃድ አታወጣም። የፈረመችው የኪራይ ውል ደግሞ የቆመ እንዳይመስልህ፤ አከራዩ ነገ ልጅ መሆኗን ቢሰማ ውሉን ቀዶ ያስወጣታል። ዕዳ ቢመጣ፣ ሰው ፀጉሬ ተነቀለ ብሎ ቢከስ፣ እሷን የሚይዝ የለም፤ ትልቅ ሰው ይፈለጋል። እናት አለች? እሷ ትምጣና ዳኛ ፊት ትቁም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ሌላም መንገድ አለ። ልጅ ካገባች እንደ ትልቅ ትቆጠራለች። ብታገባስ?»

ሰናይት ከኋላዬ ብቅ አለች።

«ፀጉር ለመሥራት ባል ምን ያደርግልኛል?» አለች።

«እኔ እንኳ ሕጉን ነው የነገርኩሽ» አለ ሮብሌ ፊቱን ወደ ወረቀቱ መልሶ። «አቦ አትቆጪ።»

ቀላል መሰለኝ፤ እናት መጥታ መፈረም ነው። ግን ዘነበች የምትወጣው ዓርብ ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። በሌላው ቀንም ቢሆን እስከ እኩለ ቀን ካልደረሳችሁ ጫቱ ከእኛ አገር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ ፍራሽ ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋቷን ከማዳሟ መለመን ነበረብኝ። ከረባቴን አስሬ ኤሮን ሄድኩ። ማዳሟ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ዘነበች ፍርድ ቤት ትፈለጋለች» አልኩ።

«ምን አድርጋ?» ደነገጠች።

«ምንም አላደረገችም። ልጇ ሕፃን ሆናባት ነው።»

ሴትዮዋ ከዘነበች ጋር ስንት ዓመት ስትኖር ልጅ እንዳላት እንጂ ልጅቷ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። እኔም ዕድሜ የሚባለውን ነገር እንደገና ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፈቀደች፤ ግን ለምሳ እንግዳ ስላለ ዘነበች ከምሳ በፊት መመለስ አለባት።

ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ የረጋ ድምፅ ያላቸው ሴት ነበሩ። ፋይሉን ገልጠው ቀጥታ ሰናይትን ጠየቁ፤ ሮብሌ ለዘነበች እየተረጎመላት ነው።

«የደንበኛሽ ፀጉር ቢነቀል ወይም ቢቃጠል ማን ይጠየቃል?»

«እኔ» አለች ሰናይት።

«አንቺ በሕግ አትጠየቂም። ልጅ ነሽ።»

«የምሠራው ግን እኔ ነኝ!»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እኔ አላስችል አለኝና ብድግ አልኩ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ እጠየቃለሁ!»

«እሱ ማነው?» አሉ ዳኛዋ።

ሮብሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስህተቱን ያረመው ሰውዬ ነው» አላቸው። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱኝ፤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሮብሌ አንድ በአንድ ተረጎመው። ፈቃዱም የኪራይ ውሉም በእናቲቱ ስም ይሆናል። ልጅቷ ትምህርት ባላት ሰዓት አትሠራም፤ ማታም አታመሽም። ሱቁ ክፍት በሆነ ሰዓት ሁሉ ደግሞ እናቲቱ በአካል እዚያው መገኘት አለባት።

ዘነበች የመጨረሻውን እንደገና እንዲነግራት ሮብሌን በእጇ ጠየቀችው። ነገራት።

«እኔ ሰው ቤት አዳሪ ነኝ» አለች። «እንዴት እገኛለሁ?»

ካልተገኘች ሱቁ አይከፈትም፤ ከተገኘች ሥራዋን መልቀቅ አለባት፤ የመኖሪያ ካርዷ ሳይቀር በማዳሟ ስም ነው የሚታደሰው። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ስታፍተለትል አየሁ። ስንት ዓመት የሌላ ሰው ምጣድና የሌላ ሰው ልጅ የያዙ እጆች ናቸው፤ እኔ እዚያ ማዶ ተቀምጬ ስለ ራሴ ስም ስጨነቅ ይቺ ሴት ያላትን ሁሉ እየመዘነች ነበር። አፈርኩ።

«እማ» አለች ሰናይት፤ «እኔ እቀጥርሻለሁ።»

ሮብሌ ይህንንም ተረጎመው። ዳኛዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጅ ሰው መቅጠር አትችልም። ፈቃዱ የእናትሽ ስለሆነ ቀጣሪዋ እሷ ናት፤ አንቺ ነሽ ተቀጣሪዋ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «የመኖሪያ ካርዷም በነጋዴነት ሊታደስ ይችላል።»

ዘነበች ወደ ሮብሌ ዞረች።

«አንተ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ከልጅሽ ጋር ዋዪ ያሉኝ ምክር ነው ወይስ ትእዛዝ?»

«ትእዛዝ ነው» አለ ሮብሌ ሳይጠይቅ።

«ትእዛዝ ከሆነማ ምን አደርጋለሁ!» አለች። የምታማርር ለመምሰል ሞከረች፤ ፊቷ ግን እሺ አላለም። እንባዋ ወረደ፣ ሰናይትም አቀፈቻት፣ እኔም ከረባቴን ሳስተካክል ቆየሁ።

የዚያን ቀን ዘነበች ተመልሳ ሄዳ የእንግዶቹን ምሳ ሠርታ፣ ዕቃውን አጥባ፣ ከዚያ ነው ለማዳሟ የነገረቻት። ማዳሟ ተተኪ እስክታገኝ እንድትቆይላት ለመነቻት፤ ዘነበችም ቆየችላት። ሰናይት ለፋሲካ ያለችው ትንሽ ዘገየ እንጂ ሆነ፤ እናትና ልጅ ከሱቁ ኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ገቡ። እኛ ቤት ያለው መጋረጃ ሲነሣ ብዙነሽ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። «ወረቀት ስትነካካ ልጄን ከቤት አስወጣህብኝ» ነው ያለችው።

ሱቁ እንደገና በተከፈተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያው ተቆጣጣሪ መጣ። እኔ የሆነ ነገር ተሳስቶ ይሆን እያልኩ አዲሱን ፈቃድ ግድግዳው ላይ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበብኩ ነበር። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ውስጡን ቃኘ። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሰናይት ፀጉሯን ትሠራለች፤ እኔን ግን በዓይኑ አለፈኝ።

«ፓትሮኗ የታለች?» አለ፤ የሱቁን አለቃ ማለቱ ነው።

ሰናይት በማበጠሪያዋ ወደ ጥግ ጠቆመችው። ዘነበች ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ቬንቲላተሩ ሥር በጠራራ ቀን እንቅልፏን ትለጥጣለች። በሰው ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ቀን ተኝታ ያያት ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ያቻት» አለች ሰናይት ቀስ ብላ። «ትእዛዙ መገኘት አለባት ነው የሚለው።»

ሰውዬው ዘነበችን ቆሞ አያት። ከዚያ እስክርቢቶውን አወጣና፣ የደንበኛዋ ጆሮ እንኳ በቅጡ በማይሰማው ድምፅ «ተገኝታለች» እያለ ጽፎ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶልን ሄደ።